«እንጦጦ» ስንት ፊደል ነው?

«እንጦጦ» ስንት ፊደል ነው ቢባል በየካ ሚካኤል አጥቢያ ፊደል የቆጠረ ሕፃን ጣቱን አጥፎ አራት ይላል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብትጠይቁት እሱም አራት ይላችኋል። ጃቫም አራት፣ ጃቫስክሪፕትም አራት። ወደ ጎ ዞር ብላችሁ ያንኑ ጥያቄ ብትደግሙ ግን መልሱ 12 ነው። ሲም 12 ባይ ነው፤ ረስትና ፒኤችፒም እንዲሁ። ከሰባቱ አንዱም አልሰከረም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቷል፤ በዚያ የተሰጠው ቦታ፣ ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር ሲቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። አራት ጊዜ ሦስት አሥራ ሁለት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቋንቋዎች ፊደሉን ሲቆጥሩ የኋለኞቹ አራቱ በተለመደው መቁጠሪያቸው ፊደሉ ያረፈበትን ቦታ ይቆጥራሉ። ከእንግሊዝኛ ሌላ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ በጭራሽ አይታየውም፤ የእሱ ፊደል አንድ ነው፣ ባይቱም አንድ ነው። ጣጣው የእኛ ነው።

ጣጣውም ቀልድ ሆኖ አይቀርም። አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ለስም 30 ባይት መድቦ የተረፈውን ቆርጦ ይጥላል እንበል። ለፈረንጅ ስም 30 ባይት ሰፊ ግቢ ነው። አቶ ወልደጊዮርጊስ ገብረማርያም ሲመዘገቡ ግን የራሳቸው ስም ስምንት ፊደል ስለሆነ 24 ባይት ይበላል፤ በስሞቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ አንድ ይወስዳል፤ የሚተርፈው አምስት ብቻ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ለ«ገ» ይሆናሉ፣ በሁለቱ «ብ» ልትገባ ትሞክርና ወገቧ ላይ ተቆርጣ የጥያቄ ምልክት ሆና ትቀራለች። ሰውዬው ካርዳቸውን ሲቀበሉ አባታቸውን አንድ ፊደልና አንድ ጥርጣሬ ሆነው ያገኟቸዋል። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ፓይተንን አጥርቶ ያውቃል፤ ፓይተን ደግሞ 30 ሲባል 30 ፊደል ነው የሚገባው። ስሙ የሚቀመጥበት ቦታ ግን የራሱ ልማድ አለው፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ 30 ሲባል 30 ፊደል ይረዳል፣ ኦራክል ካልተነገረው በቀር 30 ባይት ይረዳል። ኦራክል እንኳ ጨዋ ነው፤ ቆርጦ ከሚጥል ስሙን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። ልጁም «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይወድም» ብሎ ለአለቃው ሪፖርት ያደርጋል፤ አለቃውም ስሞች ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጻፉ የሚል መመሪያ ያወጣል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ቆሞ ለሚያይ ሰው እንጦጦ ሰሜን ነው። ከሱሉልታ ለሚያይ ደቡብ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሰሜንነትን የተራራው ጠባይ አድርጎ ቢይዘው አይፈረድበትም። አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ተስማምተው የመረጡትን ነገር የኮምፒውተር ተፈጥሮ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ቋንቋ መማር ትልቁ ጥቅሙ፣ በእኔ ፍርድ፣ የመጀመሪያው ቋንቋ የመረጠውን ከማይለወጠው ሕግ ለይቶ ማሳየቱ ነው። ሥራ ማግኘቱ፣ ደመወዙ፣ መከበሩ ከዚያ በኋላ ይቆጠሩ። ይህ ጥቅም ለማንም አገር ሰው ይሠራል፤ ለኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ግን እጥፍ ነው። አብዛኞቹ ታዋቂ ቋንቋዎች የተወለዱት ዓመቱ 12 ወር፣ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጀምር፣ ፊደሉም 26 የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። (ሩቢን የሠሩት ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ ጃፓናዊ ናቸው፤ ሩቢ እያንዳንዱ ጽሑፍ የየራሱን አጻጻፍ ይዞ እንዲኖር መፍቀዷ የሚያስገርም አይደለም። የፊደል ብዛት ያሠቃየው ሕዝብ ይተዋወቃል።)

ጳጉሜንን እንውሰድ። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 8ኛ እትሙ አዲስ የቀን ላይብረሪ ይዞ መጣ። በውስጡ የታይላንድ የቡድሃ አቆጣጠር አለ፣ የጃፓን ነገሥታት አቆጣጠር አለ፣ የታይዋን አለ፣ የሂጅራ አለ። የኢትዮጵያ የለም። የሚያስቀው፣ ከዚያ በፊት ጃቫ ጸሐፊዎች ይመኩበት በነበረው ጆዳ-ታይም በተባለው ላይብረሪ ውስጥ የእኛ አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ተቀምጦ ነበር፤ አዲሱን በዋናነት የመሩትም የጆዳ-ታይሙ ደራሲ ስቴፈን ኮልበርን ናቸው። ዕቃ ሲጓጓዝ ጳጉሜን አሮጌው ቤት ቀረች፤ ኋላ ለተጨማሪ ዕቃ በተሠራ ሌላ ላይብረሪ ውስጥ ቦታ ተሰጣት። የፓይተን መደበኛ የቀን ላይብረሪ ደግሞ ከጎርጎርዮስ ሌላ አቆጣጠር ያወጣ ሰው መኖሩን አልሰማም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሥር ቀን ተጻፈ እየተባለ የሚታማው ጃቫስክሪፕትስ? ዛሬ «ኢትዮፒክ» የምትል አንዲት ቃል ስትሰጡት ቀኑን በመስከረምና በጥቅምት ይጽፍላችኋል። እንግዲህ ፓይተን ብቻ የሚያውቀው «የኢትዮጵያን ቀን በኮምፒውተር መሥራት መከራ ነው» ይላል፤ ጃቫስክሪፕት ብቻ የሚያውቀው «ምኑ ነው መከራው?» ይላል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ ምሳ ሰዓት ሊከራከሩ ይችላሉ፣ ሁለቱም ከልባቸው።

የምሳ ሰዓት ካነሳን ሰዓቱ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። ቀናችን ጎሕ ሲቀድ ስለሚጀምር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያልነውን ኮምፒውተሩ 8 ይለዋል። በቁጥር ብቻ ከሄድን የሀገራችን ሰዓት ከቦነስ አይረስ ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ መገናኛ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን የአርጀንቲና ሰዓትም 2:00 ይላል፣ እነሱ ዘንድ ውድቅት ሌሊት ነው እንጂ። ስልኩን በአርጀንቲና ሰዓት ሞልቶ በሀበሻ ሰዓት መኖር የሚፈልግ ቢኖር መንገዱ ክፍት ነው። የቀኑም የሰዓቱም ዋና መላ ግን ከዚህ ይሻላል፤ የሚገኘውም እዚያው ከበላያችን ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ አለ። የሥነ ፈለክ ሰዎች በየትኛውም አገር ቢሆኑ ለወርና ለዓመት ብዙ አይጨነቁም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጀምሮ ቀኖችን በአንድ ተከታታይ ቁጥር ይቆጥራሉ። ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ የጻፉት የኢትዮጵያን ቀን ወደ ሌላ አቆጣጠር የሚለውጥ ስሌት የሚያልፈው በዚሁ ቁጥር በኩል ነው። መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በዚህ ቆጠራ 1,724,221 ይሆናል፤ ከዚያ በየዓመቱ 365፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ተጨማሪ። ሲን የተማረ ሰው ይህን ሐሳብ ሳያውቀው ታጥቆታል፤ ሲ ባደገበት በዩኒክስ ዓለም ጊዜ ማለት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈው ሰከንድ ብዛት ነውና። ጊዜን አንድ ቁጥር አድርጎ ያየ ሰው መስከረምም ሴፕቴምበርም የዚያ ቁጥር ማሳያ መሆናቸው ይገባዋል፤ ላይብረሪ የለም ብሎም አያለቅስም።

እስካሁን ያነሳነው ቋንቋዎች በሚቆጥሩት ነገር መለያየታቸውን ነው። በሚያስቡበት መንገድ ሲለያዩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሁለት ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳላቸው የሚያጣራ ፕሮግራም ሥራ ብላችሁ ለአንድ ጀማሪ ስጡት። አንድን ሥራ የሚደጋግመውን ትእዛዝ፣ ፎር ሉፕን፣ ብቻ የተማረ ልጅ ለአባት አንድ ሉፕ፣ ለአያት ሌላ፣ ለቅድመ አያት ሌላ እያለ ሰባቱን አንዱን በሌላው ሆድ ውስጥ ይከታል። ሲጨርስ ኮዱ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከስክሪኑ ጠርዝ ሊወድቅ ይደርሳል። በእናት በኩልስ ሲባል ሊታመም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይዋ ማርሴይ የተወለደው ፕሮሎግ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ አንደኛው «የሰው ወላጅ የዘሩ ምንጭ ነው»፣ ሁለተኛው «የወላጁ የዘር ምንጭ የእሱም የዘር ምንጭ ነው»። ሰባት ላይ ይቁም ለማለት አንድ ቁጥር ይጨመራል። ከዚያ ያንኑ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሽቅብም ቁልቁልም መጠየቅ ይቻላል፤ የእገሌ አያት ቅድመ አያቶች እነማን ናቸው ብትሉት ይዘረዝራል፣ ከእገሌ የተወለዱት እነማን ናቸው ብትሉትም ይዘረዝራል። «ፕሮሎግ የሚችል ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይታይም። ቢሆንም ይህን አንዴ ያየ ልጅ ወደ ፓይተኑ ሲመለስ ሰባት ሉፕ መደርደር ያሳፍረዋል፤ ራሱን መልሶ የሚጠራ አንዲት አጭር ፈንክሽን ጽፎ ቡናውን ይጠጣል። ፕሮሎግን በማግሥቱ ቢረሳውም ግድ የለም።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ፤ ከሁሉም ጠንካራው በጥናት የተደገፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ፕሮግራመሮች በ18 ቋንቋዎች ላይ የጠየቋቸውን 450 ጥያቄዎች መርምሮ፣ የቀድሞው ቋንቋ ልማድ ተማሪውን ሲያሳስት 276 ጊዜ አግኝቷል። ከግማሽ በላይ ነው። ፓይተን ውስጥ ዝርዝር ከዜሮ ይጀምራል፤ አር፣ ማትላብና ፎርትራን ውስጥ ከአንድ ይጀምራል። (የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው ፎርትራን ለሊቃውንታችን ይቀርባል ማለት ነው።) ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ሰው ወይ የመጀመሪያውን ሰው ይዘላል፣ ወይ ከመጨረሻው አልፎ ገደል ይገባል። እንግዲህ ሁለተኛ ቋንቋ ራስ ምታት ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ግን እነዚያ 276 ስህተቶች ከየት መጡ? ተማሪው ሳያውቀው ይዞት ከኖረው እምነት። አንድ ቋንቋ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ እምነቱ ተደብቆ ይኖር ነበር፤ የአቶ ወልደጊዮርጊስ አባት እስኪቆረጡ ድረስ። ከጥናቱ የምወስደው ምክር አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ቋንቋ ሳይደላደል ሁለተኛውን መጀመር አያዋጣም። ፎር ሉፕ ትናንት የገባው ልጅ ዛሬ ሃስኬል የተባለውን ቋንቋ ቢከፍት ሁለቱንም ይጠላል።

ብዙ የሚያውቅ አንዱንም አያውቅም የሚሉም አሉ። የሥራ ማመልከቻዎችን ላየ ሰው አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አሥራ አራት ቋንቋ የሚደረድር ሲቪ ይመጣል፤ ሲመረመር ኤችቲኤምኤል እንደ አንድ ቋንቋ ተቆጥሯል፣ ሲኤስኤስ ሌላ ሆኗል፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ደግሞ መጨረሻው ላይ ተደብቋል። ይህ ቋንቋ ማወቅ ሳይሆን ማኅተም መሰብሰብ ነው፤ ይህን የሚከላከል ሰው እኔ አይደለሁም። ጃቫ የሚያውቅ ሰው ሲሻርፕን ቢጨምር መልካም ነው፣ ነገር ግን የሚያስደነግጠው ነገር ጥቂት ነው። ቋንቋ የሚመረጠው በርቀቱ ነው። አንድ ከማሽኑ አጠገብ የሚኖር፣ አንድ ከሒሳብ አጠገብ የሚኖር፣ አንድ ደግሞ ዕለታዊ እንጀራ የሚያበስል፤ ሦስት ይበቃሉ፣ አራተኛው ለጨዋታ።

ገበያው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚጠይቀው ለሚሉት መልሱ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ የተሳተፈበት ኦፕንኮግ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ሆዱ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ፊቱ ስኪምና ፓይተን ነበር። ስኪም እ.ኤ.አ. በ1958 የተፀነሰው የሊስፕ ልጅ ነው፤ ብዙዎች ሞቷል ብለው ቀብረውታል። የኦፕንኮግ ተከታይ ሃይፐሮን ደግሞ ሜታ የሚባል ፈጽሞ አዲስ ቋንቋ አለው፣ ከፌስቡክ ባለቤት ጋር ዝምድና የለውም። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ሶፍትዌሯ በከፊል በአይኮግ ልጆች ተሠርቶ ሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ቀርቶባት እንደነበር ያስታውሳል ያነበበ፤ ለሻንጣ መጥፋት እስካሁን የተገኘ የፕሮግራም ቋንቋ የለም። ፓይተን ብቻ ይበቃኛል የሚለው ሰውም የፓይተንን ሆድ ቢከፍት ይደነግጣል። ሳይንቲስቱ ሁሉ የሚጠቀምባቸው ነምፓይና ሳይፓይ ከባዱን ስሌት ለሲና ለፎርትራን ነው የሚያሸክሙት፤ ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ገበያ የወጣ ነው። ፍጥነት ሲጠፋ፣ ቁጥር ሲዛባ፣ ወደዚያ ወርዶ ማየት የሚችል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ ኮዱን ኤአይ ከጻፈልኝ ቋንቋ መማር ለምኔ? ኤአይ በአንድ ደቂቃ በአምስት ቋንቋ ይጽፋል፤ እውነት ነው። የሚጽፈው ግን በብዛት ያነበበውን መስሎ ነው፤ በብዛት ያነበበው ደግሞ ዓመቱ 12 ወር የሆነ ሰው የጻፈውን ነው። ስሙን በ30 ባይት የሚቆርጥ ኮድ በሚያምር እንግሊዝኛ አብራርቶ ሲያቀርብላችሁ 30 ምን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከማሽኑ ፊት መቀመጥ አለበት። ያ ጥያቄ አንድ ቋንቋ ብቻ ለሚያውቅ ሰው አይመጣለትም፤ ለእሱ 30 ማለት 30 ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን መርሐ ግብር መልካም ጅምር ነው፤ አምስት ሚሊዮን ሰው ግን አንድ ዓይነት እምነት ይዞ ከወጣ አንድ ዓይነት ስህተት አምስት ሚሊዮን ጊዜ ይጻፋል።

ስለዚህ ለአሠልጣኞች፣ በተለይም መምህራንን ለሚያወጣው ለየካው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያው ቋንቋ ከተደላደለ በኋላ ያንኑ አንድ ትንሽ ሥራ በሁለተኛ ቋንቋ አስደግሙት፤ ሥራውም የኢትዮጵያዊን ስም ተቀብሎ፣ የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝግቦ፣ ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ይሁን። ፈተናው ላይ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው አግቡበት። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትውለው፤ በ2015 ዓ.ም. ነበረች፣ ተመልሳ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው።